ቀለምን መመንዘር፦ የዱር እንስሳት ፎቶን ወደ ጥቁርና ነጭ የመቀየር ዝርዝር መመሪያ

ቀይ ቀበሮ ስሙን ያገኘው ከቀለሙ ነው። ባሌ ተራሮች፣ ሳነቴ አምባ ላይ በለምለም ሣር መሃል ቆሞ ሲታይ ከሩቅ የሚለየው ያ ዝገት የመሰለ ፀጉሩ ነው። ያንኑ ፎቶ ከፍታችሁ «ሳቹሬሽን» (የቀለም ድምቀት) የሚለውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ ብትጎትቱት ግን ቀበሮው ሣሩ ውስጥ ይሰጥማል። ነጭ ጉሮሮውና ጥቁር የጭራው ጫፍ ብቻ ተንሳፍፈው ይቀራሉ። ጥፋቱ የካሜራው አይደለም። ቀዩና አረንጓዴው ለዓይን የተራራቁ ቢሆኑም የሚያወጡት ብርሃን ተቀራራቢ ስለሆነ ቀለሙ ሲነሳ ሁለቱም አንድ ዓይነት ግራጫ ይሆናሉ።

ፎቶን ጥቁርና ነጭ ማድረግ ቀለም መጣል ሳይሆን ቀለምን ወደ ብርሃን መመንዘር ነው። ቀዩ ስንት ግራጫ ይውጣ፣ ቢጫው ስንት ይውጣ የሚለውን ተመን ፕሮግራሙ በራሱ ያወጣዋል፤ ካልተስማማችሁ ግን እናንተ ታወጡታላችሁ። ከዚህ በታች ያለው ሥራ በሙሉ ይህን ተመን ስለማውጣት ነው።

ቁጥሩን በቅርብ እንየው

በዲጂታል ፎቶ ውስጥ እያንዳንዱ ነጥብ ከ0 እስከ 255 የሚደርሱ ሦስት ቁጥሮች አሉት፤ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ። የቀበሮው ጎን ቀይ 170፣ አረንጓዴ 110፣ ሰማያዊ 70 ነው እንበል። ከእግሩ ሥር ያለው ሣር ደግሞ ቀይ 115፣ አረንጓዴ 130፣ ሰማያዊ 75 ይሁን። ብዙ ፕሮግራሞች ወደ ግራጫ ሲቀይሩ የቀዩን 29.9 በመቶ፣ የአረንጓዴውን 58.7 በመቶ፣ የሰማያዊውን 11.4 በመቶ ወስደው ይደምራሉ። ይህ ድርሻ የሰው ዓይን ለአረንጓዴ ብርሃን ካለው ስሜት የመጣ ነው። ስታሰሉት ቀበሮው 123፣ ሣሩ 119 ይሆናል። ከ256 ደረጃ አራት ብቻ ተለያዩ ማለት ነው፤ ይህን ልዩነት ዓይን አይቆጥረውም።

አሁን ድርሻውን እንቀይረው። ቀይ 80 በመቶ፣ አረንጓዴ 30 በመቶ፣ ሰማያዊ ደግሞ 10 በመቶ ይቀነስ። ድምሩ አሁንም 100 ስለሆነ የፎቶው ጠቅላላ ብርሃን ብዙም አይናጋም። ቀበሮው 162፣ ሣሩ 124 ገደማ ይሆናሉ። ልዩነቱ ከ4 ወደ 38 ዘለለ፤ ቀበሮውም ከሣሩ ወጥቶ ቆመ።

ተቃራኒውም ይቻላል። ቀዩን 20 በመቶ ቀንሳችሁ አረንጓዴውን 120 በመቶ ብታደርጉት ቀበሮው 98፣ ሣሩ 133 ይሆናል፤ ጠቆር ያለ እንስሳ በነጣ ሣር ላይ። በስሌት ደረጃ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ለቀይ ቀበሮ ግን የመጀመሪያው ይሻላል፤ የጠቆረ ቀበሮ መልኩን ትቶ የፈረንጅ አገር ተኩላ ይመስላል።

የትኛው ፎቶ ይቀየር

ቀለሙ ራሱ ወሬው የሆነ ፎቶ አይቀየር። የንብ በል ወፍ፣ የቱራኮ ወፍ ክንፍ፣ የአቢጃታ ፍላሚንጎ መንጋ ቀለሙ ሲነሳ ብዙውን ጊዜ የሚተርፈው ነገር የለም። ለጥቁርና ነጭ የሚመቹት ቅርጽ፣ ሸካራነትና ጥላ ያላቸው ናቸው፦ የዋልያ ቀንድ፣ የዝሆን ቆዳ፣ የአዞ ቅርፊት፣ የጭላዳ ጎፈር በንፋስ ሲበተን፣ የሐዋሳው አባ ኮዳ መላጣ ራስ።

አንድ የተለመደ ስህተት አለ። ፎቶው ቀለሙ ስለተበላሸ ወይም ብርሃኑ ደካማ ስለሆነ «ጥቁርና ነጭ ላድርገው» ይባላል። የተበላሸ ቀለምን ግራጫ ይሸፍነዋል፤ ያልተያዘ ፎከስን፣ የተቃጠለ ነጭንና ከእንስሳው ራስ ላይ የበቀለ ቅርንጫፍን ግን ይባስ ያጎላቸዋል። በቀለም ጊዜ ቀልብ ሲስብ የነበረው ቀለም ስለሄደ ዓይን ሌላ የሚያርፍበት ያጣልና ጉድለቱን ይለቅማል።

ገና መስክ ላይ ሆናችሁ መፈተን ትችላላችሁ። ካሜራውን በራው (ካሜራው ያላቀነባበረው ጥሬ ፋይል) ቅርጸት አድርጋችሁ የፎቶ ስልቱን «ሞኖክሮም» ላይ አስቀምጡት። ከኋላ ያለው ስክሪን ግራጫ ያሳያችኋል፤ ራው ፋይሉ ውስጥ ግን ቀለሙ ሁሉ እንዳለ ይቀመጣል። በጄፔግ (ካሜራው አቀናብሮና ጨምቆ በሚጽፈው ፋይል) ብቻ እያነሳችሁ ይህን ካደረጋችሁ ግን ቀለሙ ለዘለዓለም ሄደ፤ መመንዘሪያም የላችሁም።

ራው ወይስ ጄፔግ

ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ አለው። የ12 ቢት ራው 4,096፣ የ14 ቢት ደግሞ 16,384 ደረጃ ይይዛል። ከዚህ የሚብሰው ሌላ ነገር ነው፤ ብዙ ካሜራዎችና ስልኮች ጄፔግ ሲጽፉ የቀለሙን መረጃ ከብርሃኑ መረጃ ባነሰ ጥራት ነው የሚያስቀምጡት። በቀለም ፎቶ ላይ አይታወቅም። አንዱን ቀለም አጥብቃችሁ ስታጠቁሩ ወይም ስታነጡ ግን ያ የተቆጠበው መረጃ ወደ ብርሃን ይመነዘርና ባለ አራት ማዕዘን ቁርጥራጭ በሰማዩና በፀጉሩ ጠርዝ ላይ ብቅ ይላል። ያላችሁ ጄፔግ ብቻ ከሆነ መሥራት ይቻላል፤ የቀለም ስላይደሮቹን (ግራና ቀኝ የሚጎተቱትን መቆጣጠሪያዎች) ግን በግማሽ ኃይል ተጠቀሙ።

ከመቀየራችሁ በፊት ቀለሙን አስተካክሉ

ሊጣል ነው ተብሎ ቀለሙን አለማስተካከል የጀማሪ ስህተት ነው። ዋይት ባላንሱ (ነጩን ነጭ የሚያደርገው የቀለም ሚዛን) ወደ ሰማያዊ ያደላ ከሆነ የቀበሮው ፀጉር ብርቱካናማነቱን ያጣና «ብርቱካን» የሚለው ስላይደር አያገኘውም። ስለዚህ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፦

1. ዋይት ባላንሱን አስተካክሉ። ግራጫ ድንጋይ ወይም ደመና ካለ በጠብታ መሳቢያው እሱን ንኩ።
2. ኤክስፖዠሩን (የፎቶውን ጠቅላላ ብርሃን) አስተካክሉ። ቀይ ቀበሮ በቀን ስለሚያድን ብዙ ጊዜ የሚነሳው በቀትር ፀሐይ ነው፤ ነጭ ጉሮሮው በቀላሉ ይቃጠላል። «ሃይላይትስ»ን (ደማቅ ቦታዎቹን) ከ30 እስከ 60 ቀንሱ። ጉሮሮው ላይ የፀጉር መስመር ካልተመለሰ ያ ፎቶ በግራጫም አይድንም።
3. «ሻዶውስ»ን ከ10 እስከ 25 ጨምሩ። ከዚያ በላይ ጥላውን አመድ ያስመስለዋል።
4. የቀለም ኖይዝ (ያልተፈለገ የቀለም ነጠብጣብ) ማጥፊያውን አታጥፉት። የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራሙ ላይትሩም ራው ፋይል ላይ በራሱ 25 ያደርገዋል፤ እንዳለ ተዉት። «ቀለም ስለሌለ አያስፈልግም» ማለት ስህተት ነው፤ የቀለም ነጠብጣብ በስላይደሮቹ በኩል ወደ ብርሃን ነጠብጣብ ይቀየራል።
5. «ቫይብራንስ»ን ትንሽ ጨምራችሁ ቀለሞቹ እርስ በርስ ይለያዩ እንደሆነ ተመልከቱ። በቀለም ያልተለያየ በግራጫም አይለያይም።

መቀየሪያው፦ በየፕሮግራሙ

*ላይትሩም።* «ዴቨሎፕ» ውስጥ «ብላክ ኤንድ ዋይት» የሚለውን ንኩ። «ቢ ኤንድ ደብልዩ ሚክስ» የሚባል ሰሌዳ ይከፈታል፤ ስምንት ስላይደር አለው፤ ቀይ፣ ብርቱካን፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ውሃማ ሰማያዊ፣ ሰማያዊ፣ ወይን ጠጅና ማጀንታ። እያንዳንዱ ከ−100 እስከ +100 ይሄዳል። ከሰሌዳው ጥግ ያለችውን ትንሽ ክብ ምልክት ነክታችሁ ቀስቱን የእንስሳው ፀጉር ላይ አድርጉና ተጭናችሁ ወደ ላይ ጎትቱ። ፕሮግራሙ በዚያ ቦታ ያሉትን ቀለሞች ራሱ ፈልጎ ያነጣል፤ ወደ ታች ስትጎትቱ ያጠቁራል። በዓይን ከመገመት ይህ ይሻላል፤ ቡናማ የመሰለን ፀጉር ብዙ ጊዜ ብርቱካን ሆኖ ይገኛል፤ አረንጓዴ የመሰለን ሣርም ቢጫ።

*ፎቶሾፕ።* ፋይሉን በ16 ቢት ክፈቱ። «አጀስትመንት ሌየር» (ፎቶው ላይ የሚደረብ የማስተካከያ ንብርብር) ከሚለው «ብላክ ኤንድ ዋይት»ን ምረጡ። እዚህ ያሉት ስላይደሮች ስድስት ናቸው፤ መነሻቸውም ቀይ 40፣ ቢጫ 60፣ አረንጓዴ 40፣ ውሃማ ሰማያዊ 60፣ ሰማያዊ 20፣ ማጀንታ 80 ነው። ልብ በሉ፤ ብርቱካን የሚባል የለም። የቀበሮው ፀጉር በቀዩና በቢጫው መካከል ይወድቃል፤ ሣሩም በቢጫውና በአረንጓዴው መካከል። ቢጫውን ስትነኩ ሁለቱም አብረው ይነሳሉ ወይም አብረው ይወድቃሉ፤ ስለዚህ ቢጫው አይለያቸውም። መለየት የሚችሉት ቀዩና አረንጓዴው ናቸው። ቀይ 80፣ ቢጫ 40፣ አረንጓዴ 10 ብላችሁ ጀምሩ።

ፎቶሾፕ ላይ አንድ ትልቅ ጥቅም ያለው ዘዴ አለ። ከጥቁርና ነጩ ሌየር ሥር «ሂዩ ሳቹሬሽን» ሌየር አስገቡ። እዚያ ቢጫን ብቻ መርጣችሁ «ሂዩ»ውን (የቀለሙን ዓይነት) ከ15 እስከ 25 ወደ አረንጓዴ አሽሹት። ላይ ያለው ሌየር ግራጫ ስለሆነ የቀለሙ መበላሸት አይታይም፤ ሣሩ ግን ከቀበሮው ቀለም ስለራቀ አረንጓዴው ስላይደር ለብቻው ያገኘዋል።

*ጊምፕ።* በነጻ ነው፤ ለዚህ ሥራም ምንም አይጎድለውም። ከ«ከለርስ» ወደ «ኮምፖነንትስ»፣ ከዚያ «ሞኖ ሚክሰር» ግቡ። ቀይ 0.8፣ አረንጓዴ 0.3፣ ሰማያዊ −0.1 ሙሉ፤ ከላይ ያሰላነው ማለት ነው። «ዲሳቹሬት» የሚለውን ግን ለዚህ አትጠቀሙበት፤ ተመኑን እሱ ወስኖ ይሰጣችኋል። በ2025 በወጣው 3.0 ማጣሪያው በሌየሩ ላይ ሳይቀልጥ ስለሚቀመጥ ተመልሳችሁ ልትቀይሩት ትችላላችሁ። በቀደሙት ላይ ሌየሩን ገልብጣችሁ ሥሩ።

*ስልክ።* ስናፕሲድ ውስጥ «ብላክ ኤንድ ዋይት» ግቡና የቀለም ማጣሪያዋን ምልክት ንኩ። ለቀይ ቀበሮ ብርቱካን ወይም ቀይ፣ በጥቅጥቅ ቅጠል መሃል ላለ ጠቆር ያለ እንስሳ አረንጓዴ ምረጡ። ማጣሪያው ያው የተመን ለውጥ ነው፤ ድርሻውን በቁጥር አለመስጠቱ ብቻ ነው ጉድለቱ። የላይትሩም የስልክ መተግበሪያም የስምንቱን ቀለም ሰሌዳ ይዟል።

ቀይ ቀበሮው በመስከረምና በጥር

በላይትሩም ለመስከረም ፎቶ መነሻ የሚሆነው ይህ ነው፦ ቀይ +20፣ ብርቱካን +30፣ ቢጫ −20፣ አረንጓዴ −30፣ ሰማያዊ −15። ሣሩ ለምለም ስለሆነ ከፀጉሩ ጋር አይጋጭም፤ በአምስት ደቂቃ ያልቃል።

ጥር ላይ ነገሩ ሌላ ነው። ሣሩ ደርቆ ወደ ብርቱካን የተጠጋ ቢጫ ይሆናል። ብርቱካንን +50፣ ቢጫን −50 ብታደርጉ ልዩነት ይመጣ ይሆናል፤ ነገር ግን ፀጉሩን በመቶ ፐርሰንት አጉልታችሁ ተመልከቱት። አንዱ ፀጉር ነጭ፣ አጠገቡ ያለው ጥቁር ሆኖ ጨውና በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የአንድ እንስሳ ፀጉር ሁሉ አንድ ቀለም አይደለም፤ ከፊሉ በብርቱካን በኩል፣ ከፊሉ በቢጫ በኩል ይወድቃል። እናንተ ሁለቱን ጎረቤቶች ወደተለያየ አቅጣጫ ስትጎትቱ ድንበሩ ላይ ያሉት ነጥቦች ይቀደዳሉ። በጠርዙም ዙሪያ ነጭ ክር ይወጣል። ጎረቤታሞች በሆኑ ሁለት ስላይደሮች መካከል ያለው ርቀት ከ50 ባይበልጥ ይመረጣል።

ስለዚህ በደረቅ ሣር ጊዜ ስላይደሩን ተዉትና ወደ ማስክ (ለውጡ በመረጣችሁት ቦታ ላይ ብቻ እንዲሠራ ወደሚያደርገው መሣሪያ) ሂዱ። ላይትሩም ላይ «ሰሌክት ሰብጀክት» ቀበሮውን ይመርጥላችኋል። ጆሮውንና የጢሙን ጫፍ አጉልታችሁ እዩ፤ ብዙ ጊዜ የሚስተው እዚያ ነው፤ በብሩሽ አስተካክሉት። ከዚያ ኤክስፖዠሩን +0.3፣ ማስኩን ገልብጣችሁ ደግሞ ሣሩን −0.4 አድርጉት። ከዚያ በላይ ስትሄዱ ቀበሮው ከሌላ ቦታ ተቆርጦ የተለጠፈ ይመስላል። እንስሳው ሲደምቅ እግሩ የቆመበት ሣርም ትንሽ መድመቅ አለበት፤ በተፈጥሮ ብርሃን በመቀስ ተቆርጦ አይወርድም።

ጭላዳ፦ ደረቱ ላይ ያለውን ቀይ ምን እናድርገው?

ስሜን ሳንቃ በር ወይም ጓሳ ላይ የሚነሳ የጭላዳ ፎቶ ዋና ጥያቄው ደረቱ ላይ ያለው ፀጉር አልባ ቀይ ቆዳ ነው። በተራ አቀያየር መካከለኛ ግራጫ ሆኖ በጠቆረው የደረት ፀጉርና በወርቃማው ጎፈር መካከል ይጠፋል። ጭላዳን ለማያውቅ ሰው እዚያ ቦታ ምን እንዳለ አይገባውም።

ደግነቱ ቆዳው ንጹሕ ቀይ ሲሆን ፀጉሩ ብርቱካንና ቢጫ ነው። ቀዩን ብቻ ብትነኩት ፀጉሩን እምብዛም አይነካም። ወንዱ ፊት ለፊት ተቀምጦ ደረቱ በሙሉ የሚታይ ከሆነ ቀዩን ከ+25 እስከ +40 አንሱት፤ ቆዳው ነጣ ብሎ የሽብሽቡ መስመር ይታያል፤ ቅርጹም ከፀጉሩ ይለያል። ከ+50 ካለፈ ግን ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ይመስልና ዓይን ከፊቱ ወደ ደረቱ ይወርዳል። ፊቱ ዋና የሆነበትና ደረቱ በከፊል የገባበት ፎቶ ላይ ተቃራኒውን አድርጉ፤ ቀዩን −30። ቆዳው ይጠቁርና ወደ ኋላ ይሸሻል። መሃል ላይ መተው ነው የማይሆነው።

ጎፈሩን በተመለከተ፣ የጠዋት ፀሐይ ከኋላ ሲመታው ዙሪያው እንደ ክር ያበራል። ብርቱካንን +15፣ ቢጫን +20 ካደረጋችሁ በኋላ ጫፉ ላይ ያለው ቁጥር 250 እንዳያልፍ ጠብቁ። ፊቱ በዚያ ብርሃን ጥላ ውስጥ ስለሚሆን በማስክ ኤክስፖዠሩን ከ0.4 እስከ 0.6 አንሱት። የላይኛው የዓይን ቆብ በተፈጥሮው ገረጣ ያለ ነው፤ ሲያስፈራራ ቅንድቡን ሲያነሳ በግልጽ ይታያል። ያን ጊዜ የተነሳ ፎቶ ካላችሁ ቆቡን በብሩሽ ትንሽ አድምቁ፤ የፎቶው ጉልበት ያለው እዚያ ነው።

ሌሎቹ በአጭሩ

*ዋልያ ገደል ላይ።* የሩቁ ሸንተረር በሰማያዊ ጭጋግ የተሸፈነ ነው። የሁሉም ሰው ልማድ «ዲሄዝ» ጨምሮ ጭጋጉን መግፈፍ ነው። እዚህ ግን ጭጋጉን መጨመር ይሻላል፤ ሰማያዊውን +30 ስታደርጉ የኋላው ገደል ይነጣል፤ ቡናማው ዋልያና ጥምዝ ቀንዱ ጠቁረው ከፊቱ ይቆማሉ። ጭጋጉ የገደሉን ጥልቀት የሚናገር ነውና ማጥፋቱ ኪሳራ ነው።

*አጥንት ሰባሪው ባለጢም አሞራ።* የሆዱ ላባ በማዕድናማ አፈር ስለሚነከር ዝገት ይመስላል፤ ከሰማይ ሰማያዊ ጋር ፍጹም ተቃራኒ ነው። ሰማያዊን −30 ማድረግ ይበቃል። ከ−50 ሲያልፍ ሰማዩ ላይ እህል የመሰለ ሸካራ ነገር ይወጣል፤ በክንፉ ዙሪያም ነጭ ጠርዝ። በካሜራው ሴንሰር ላይ ከየአራቱ ነጥብ ሰማያዊ የሚያነበው አንዱ ብቻ ነው፤ አረንጓዴ የሚያነቡት ሁለት ናቸው። ሰማያዊው ቻነል (የሰማያዊ ቁጥሮቹ ድርሻ) ዘወትር ኖይዝ የሚበዛበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

*የሜዳ አህያ ነጭ ሣር ላይ።* የፓርኩ ስም ራሱ ችግሩን ይናገራል፤ የነጣ ሣር ላይ የነጣ መስመር። ነጩ መስመር በአቧራ ስለሚቀላ ብርቱካንን +25 አድርጋችሁ አጽዱት፤ ቢጫውን በትንሹ ቀንሳችሁ ሣሩን አውርዱት። ነጩን 255 አታድርሱት፤ ከ235 እስከ 240 ላይ ቢቆም ፀጉር መሆኑ ይታወቃል።

*የሐረር ጅብ በማታ።* በመኪና መብራትና በከፍተኛ አይኤስኦ (የካሜራው የብርሃን ስሜት) የተነሳ ፎቶ ቀለሙ ብዙ ጊዜ አያምርም፤ ጥቁርና ነጭ በእውነት የሚያድነው ይህንን ነው። በቢጫማ መብራት ሥር ሰማያዊው ቻነል ባዶ ሊባል ይችላል፤ ያለው ኖይዝ ብቻ ነው። በጊምፕ ቀይ 0.6፣ አረንጓዴ 0.4፣ ሰማያዊ 0 ብላችሁ ሥሩት፤ ኖይዙ ሲቀንስ ወዲያው ታዩታላችሁ። ዓይኑ መብራቱን መልሶ አምፖል ከመሰለ ስላይደር አትንኩ፤ በብሩሽ −0.7 አድርጉትና የብሌኑ ቅርጽ ይመለስ።

ጥቁሩና ነጩ የት ይቁም

የቀለሙ ተመን ካለቀ በኋላ ነው ወደ «ዋይትስ» እና «ብላክስ» የሚኬደው። ላይትሩም ላይ «አልት» ቁልፍን ተጭናችሁ ስትጎትቱ የተቃጠለው ወይም የተደፈነው ቦታ ብቻ ይታያል። ነጭ በኩል የዓይኑ ብልጭታና ጥቂት የፀጉር ጫፎች ብቅ ሲሉ አቁሙ። ጥቁር በኩል ብሌኑ፣ የአፍንጫው ቀዳዳና የቀበሮው ጭራ ጫፍ ይበቃሉ። ፎቶው ውስጥ አንድም እውነተኛ ጥቁር ከሌለ የታጠበ ጨርቅ ይመስላል። ብዙ ጥቁር ካለ ደግሞ ፀጉሩ ቀለም የተቀባ ሰሌዳ ይሆናል።

ከርቩ (የብርሃን ደረጃዎችን የምታስተካክሉበት መስመር) ላይ 64 የነበረውን ወደ 56፣ 192 የነበረውን ወደ 200 አድርጉ። ይህች ትንሽ መጠማዘዝ «ኮንትራስት» ስላይደርን +40 ከማድረግ የተሻለ ትሠራለች። «ክላሪቲ»ን ለመላው ፎቶ አትጨምሩ፤ ከኋላ የደበዘዘውን ሣር ሁሉ ያነቃዋል። «ቴክስቸር»ን ከ15 እስከ 30 እንስሳው ላይ ብቻ በማስክ ስጡት።

ማድመቅና ማጠቆር በእጅ

ፎቶሾፕ ላይ አዲስ ሌየር ክፈቱና 50 በመቶ ግራጫ ሙሉት፤ አቀማመጡን «ሶፍት ላይት» አድርጉት። ግራጫው አይታይም። በነጭ ብሩሽ የነካችሁት ይደምቃል፣ በጥቁር የነካችሁት ይጠቁራል። የብሩሹን «ፍሎው» ከ5 እስከ 8 በመቶ አድርጉ፤ ጠርዙም ለስላሳ ይሁን። አንዴ ብትቀቡ ምንም ያልተለወጠ ይመስላል፤ አምስት ጊዜ ስትደጋግሙት ነው የሚታወቀው፤ መሆን ያለበትም እንደዚያ ነው።

ቅደም ተከተሉ፦ መጀመሪያ ዓይን፣ ቀጥሎ የፊት አጥንት የሚወጣበት መስመር፣ ከዚያ ትከሻና ጀርባ ላይ ብርሃን የሚያርፍበት። በመጨረሻ ከጀርባው ያሉትን ነጫጭ ድንጋዮችና የጅብራ ቅጠሎች አጠቁሩ፤ ብርሃናቸው ከእንስሳው ፊት መብለጥ የለበትም። ዓይን ነጭ ላይ መጀመሪያ ይወድቃልና። ዓይኑን ከመጠን በላይ ማድመቅ በዚህ ደረጃ የሚሠራ ትልቁ ጥፋት ነው፤ ቀበሮው ባትሪ የዋጠ ይመስላል።

አሥር ደቂቃ እረፉና ፎቶውን በስክሪኑ ላይ እንደ ቴምብር አሳንሳችሁ እዩት። እንስሳው ወዲያው ካልታየ ተመኑ ላይ ችግር አለ፤ በብሩሽ አትታገሉ፤ ወደ ቀለም ስላይደሮቹ ተመለሱ።

ሻርፕ፣ ኖይዝና ግሬን

«ሻርፕኒንግ» 60፣ «ሬዲየስ» 1.0፣ «ዲቴይል» 30፣ «ማስኪንግ» 65። ማስኪንጉ ሰማዩንና የደበዘዘውን ጀርባ ያድንላችኋል። የብርሃን ኖይዝ ማጥፊያውን ከ10 እስከ 25 ያዙት፤ ሲበዛ ፀጉሩ ሰም ይሆናል። በጥቁርና ነጭ ትንሽ ነጠብጣብ አያስጠላም፤ እንዲያውም ሰፊ ሰማይ ያለበት ፎቶ ላይ «ግሬን» (ሆን ተብሎ የሚጨመር ደቃቅ ነጠብጣብ) ከ15 እስከ 20 መጨመር ሰማዩ እንደ ደረጃ እንዳይቆራረጥ ይረዳል።

ቀለም መንካት የሚፈልግ ሰው «ከለር ግሬዲንግ» ውስጥ ጥላው ላይ ሂዩ 40፣ ሳቹሬሽን 6 ቢያደርግ ሞቅ ያለ ይሆናል። ከ10 ካለፈ የድሮ ፎቶ ቤት ይመስላል።

ማውጣትና ማሳተም

ለኢንተርኔት ረጅሙን ጎን 2,048 ፒክስል፣ ጄፔጉን ከ80 እስከ 85 ጥራት፣ የቀለም ቦታውን ኤስአርጂቢ አድርጉ። በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ፎቶ ሲላክ ስለሚጨመቅ ለስላሳው ሰማይ ላይ መስመር ያወጣል።

ለኤ4 ኅትመት በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 2,480 በ3,508 ፒክስል ያስፈልጋል። ከማተሚያ ቤት ተጨልሞ የሚመጣ ፎቶ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የስክሪናችሁ መድመቅ ነው። ነጭ ወረቀት በክፍሉ መብራት ሥር ከስክሪኑ አጠገብ ያዙ፤ ባዶ ነጭ ገጽ ክፈቱና ስክሪኑን ከወረቀቱ እስኪስተካከል ቀንሱ። በዚያ ብርሃን ፎቶው የጨለመ ከመሰላችሁ በእርግጥም ጨልሟል ማለት ነው። የሌሊት ቢጫ ማጣሪያውንም አጥፉት።

ሌላው የተለመደ ቅሬታ ግራጫው አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ ሆኖ መውጣቱ ነው። ማተሚያው ግራጫውን የሚሠራው ባለቀለም ቀለሞችን ቀላቅሎ ከሆነ ቅልቅሉ ትንሽ ሲዛነፍ ወዲያው ያሳብቃል። ትልቁን ከማዘዛችሁ በፊት በ10 በ15 ሴንቲ ሜትር አንድ አሳትሙና በቀን ብርሃን፣ መስኮት አጠገብ እዩት። አንጸባራቂ ባልሆነ ወረቀት ላይ ጥቁሩ ስለሚደክም ጥላ ውስጥ ያለው ዝርዝር ይደፈናል፤ ለዚያ ወረቀት «ሻዶውስ»ን ሌላ 10 ጨምራችሁ የተለየ ቅጂ አዘጋጁ። ራው ፋይሉን ግን አትሰርዙ፤ የውድድር አዘጋጆች ሊጠይቁት ይችላሉ።